ለአቅመ ምርጫ የደረሰ

ከወልድያ ወደ ውርጌሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት፣ ሲሪንቃን እንዳለፍን ስለ ምርጫው ወሬ ጀመሩ።

«ድምፅ ሰጡ አባቴ?»

«እኔን መቼ ጠሩኝና ልጄ።»

«ሁሉንም ጠርተዋል እኮ።»

«‹ለአቅመ ምርጫ የደረሳችሁ ተመዝገቡ› ነው ያሉት፣ በድምፅ ማጉያ። እኔን ቀበሌው ራሱ ስንዴ ሲያድል ‹አቅመ ደካማ› ብሎ ነው የጻፈኝ።»

«የጉልበት አቅም አይደለም እኮ አባቴ። ዕድሜው ከሞላ፣ በምርኩዝም ቢሄዱ መራጭ ነዎት።»

«ዕድሜ ብቻ?»

«ዕድሜ ብቻ።»



«ዕድሜማ ሞልቶ ፈሷል። ባለቤቴ ልሂድ ብላ ሻርፗን ለብሳ ነበር። ‹እደጅ ደርሰሽ ስትመለሺ የሚደክምሽ ሴትዮ፣ በየት አቅምሽ?› ብዬ አስቀረኋት።»

«አይዞዎት፣ ለሚቀጥለው ያድርሳችሁ።»

«አሚን። ግን ‹ያድርስዎ› በይኝ፤ እሷን ቀብረናታል።»

መውረጃዬ መርሳ ስንደርስ «ወራጅ አለ» የምልበት ድምፅ አጥቼ እስከ ውርጌሳ አብሬያቸው ሄድኩ።