የጋሼ ሽመክት ፍላሽ

ጋሼ ሽመክትን ያገኘኋቸው ሳላስበው ነው። ደብዳቤ ላስገለብጥ ጅጅጋ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የሆዳን ኮፒ ቤት ስገባ፣ ለማሳተም ፍላሻቸውን ለሆዳን ሊሰጡ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ፍላሹ ላይ ያለው አሥራ አንድ ዓመት የደከሙበት የሶማሊኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። የሚጽፉት እዚያው ፍላሽ ላይ ስለሆነ ሌላ ቅጂ የለውም።

እንዳይሰጧት ለመንኳቸው። ቅር አላቸው።

«ፍቅርአዲስ ልጄ፣ ሆዳን ሌባ ናት ልትይኝ ነው?»

«ሆዳንን አይደለም ጋሼ፣ ማሽኑን ነው። ዛሬ ብቻ ስንት ሰው ፍላሹን ሰክቶበታል?»

ሆዳን ሳቀች። ከባቢሌም ከደምበልም የመጣ ሁሉ እንደሚሰካ፣ እሷም መቁጠር እንደተወች ነገረችን። ቤታቸው ባለው ኮምፒውተር ጸረ ቫይረስ መኖሩን ጠየቅኋቸው። አጥፍተውታል።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጮኽብኛል።»

«የተቀጠረው ለመጮኽ አይደል ጋሼ?»

ፈገግ አሉ፤ እጃቸው ግን አልተመለሰም። ሠላሳ ዓመት ሰው አምነው እንደኖሩ፣ አንድ ቀንም እንዳልከሰሩ አስረዱኝ። ሰውን የሚጠራጠር ብቻውን ይቀራል አሉ። ብቻዬን እንደምኖር ያውቃሉ፤ እሳቸውም ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

የመለሰችላቸው፣ በሶማሊኛ «መምህር» ብላ የምትጠራቸው ሆዳን ናት። «መዓሊን፣ አባቴ ሀርሺን ውስጥ ከገበያ የገዛትን ፍየል ለብቻዋ ሳያቆይ ከመንጋው አይቀላቅልም። የሸጠለት ወንድሙ ቢሆንም።»

«ፍየል እኮ ታስላለች። ፍላሽ አያስልም።»

«ለዚህ ነዋ ጠባቂው የሚጮኽልዎ» አልኩ።

ያኔ ልናገር ያላሰብኩትን ተናገርኩ።

«የሟቹ ባለቤቴ የተቀዳ ድምፅ ነበረኝ፤ አራት ደቂቃ። ከማላውቀው ሰው በኢሜይል የመጣ ፋይል ከፈትኩ። በማግስቱ የፋይሉ ስም አለ፣ ድምፁ ግን አልከፈት አለ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።»

ጋሼ ሽመክት ፍላሹን ለእኔ ሰጡኝ። ምንም አልጠየቁኝም፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ።

ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ጸረ ቫይረሱ የታደሰ መሆኑን አይቼ፣ ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት ፍላሹን አስፈተሽኩት። ሁለት ቫይረስ ተገኝቶበት ተወገደ፤ መዝገበ ቃላቱ ደህና ነበር። ለሆዳን በኢሜይል ላክሁላትና አተመችው። አልተቀየመችም። ከዚያ ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እሷም እፎይ እንደምትል ተናገረች።

ጋሼንም ጠባቂውን መልሰው እንዲያበሩት፣ በየጊዜው እንዲያድሱት፣ ላኪውን የማያውቁትን ፋይል እንዳይከፍቱ መከርኳቸው። አንድ ቅጂ ኮምፒውተራቸው ላይ ይሁን፤ ሌላው ከየትኛውም ማሽን ተነቅሎ ሌላ ቤት ይቀመጥ አልኳቸው።

«የማን ቤት?» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ ማን አለኝና?»

«እኔ ጋ።»

ዛሬ ጋሼ ኮምፒውተራቸው ሲጮኽ አይቆጡም፤ ምን እንዳየ ያነባሉ። ሥራቸው ሁለት ቦታ ስለተቀመጠ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል፤ ያለ ስጋት ይጽፋሉ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አዲሱን ቅጂ ይዘው ይመጣሉ፤ የጨመሯቸውን ቃላት አንድ በአንድ ያነቡልኛል። ጥንቃቄ ሰውን ብቻውን ያስቀራል ለሚል መልሴ ይህ ነው፤ የእኔን ቤት በር በወር አንዴ የሚያንኳኳው ጥንቃቄ ነው።