ኮምፒውተር በኮምፒውተር ውስጥ

የመስሚያ መሣሪያ ባለሙያው አዛውንት አሮጌ ኮምፒውተራቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ከታች ወደ ላይ የምትወጣ ወጣት ገጠመቻቸው። የሟች ጓደኛቸው ልጅ ነች፤ እዚያው ሕንፃ ላይ ባለ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ባለሙያነት ከተቀጠረች ሁለት ሳምንቷ ነው። ቅዳሜ ስለነበር የረሳችውን ቦርሳ ልትወስድ ብቅ ማለቷ ነበር።

«ጋሼ! ይሄን ሸክም ይዘው ወዴት ነው?» አለች እየተቀበለቻቸው።

«ወደ ጠጋኝ ነዋ፣ ልጄ። በየሃያ ደቂቃው ድርግም ይልብኛል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ የቀጠርኩት ደንበኛ አለ።»

«አዲስ የለዎትም?»

«አለኝ እንጂ! ጠረጴዛ ላይ ተጎልቶ ያፈጥብኛል። ፕሮግራሜ እሱ ላይ አልነሳም አለ። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆየ። የሰላሳ ሁለት ደንበኞቼ መሣሪያ ደግሞ ከዚህ ፕሮግራም በቀር የማንንም ትእዛዝ አይቀበልም።»

ወጣቷ ኮምፒውተሩን ተሸክማ ወደ አዛውንቱ የሥራ ክፍል መልሳ አወጣችው። ከፈተችው፤ አቧራውን ጠረገች፤ አንድ ሁለቴ አስነሥታ ሲጠፋ አየችው።

«ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ አካሉ ግን አርጅቷል። እንግዲያው አሮጌውን ኮምፒውተር አዲሱ ውስጥ እናስገባው» አለች።

አዛውንቱ ከት ብለው ሳቁ። «ቁም ሣጥን መሰለሽ እንዴ?»

«አካሉን አይደለም፣ ጋሼ። ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ እገለብጠዋለሁ። ከዚያ በአዲሱ ውስጥ፣ በአንድ መስኮት፣ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይሠራል። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል።»

አዛውንቱ ከመሳቢያቸው የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ በዩኤስቢ ገመድ የምትሰካ ሳጥን አወጡ። የመስሚያ መሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያስተካክሉት በእሷ ነው።

«ይቺ የምትሰካው ውጭ ነው፤ ፕሮግራሙ ያለው ውስጥ ነው። በየት በኩል ይገናኛሉ?»

«ውጭኛው ኮምፒውተር የተሰካበትን ሁሉ ለራሱ ይይዛል። እኛ ግን ‹ይቺን ልቀቃት፣ የውስጠኛው ናት› ብለን እናዘዋለን።»

«ልጄ፣ እኔ የምነካው የሰው ጆሮ ነው» አሉ አዛውንቱ፣ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ። «ድምፁን ስመጥን መሐል ላይ ቢቋረጥ መሣሪያው ሊበላሽ ይችላል፤ ሰውየው ጆሮ ውስጥም ሊጮህ ይችላል። ‹ይሠራል› ብቻ አይበቃኝም።»

ወጣቷ በፌዝ ልትመልስ ነበር፤ ግን ተወችው። እኒህ ሰው አዲስ ነገር ጠልተው እንዳልሆነ ገባት። የሚፈሩት ለሰው ነው፤ እንዲህ ላለ ፍርሃት የሚሰጠው መልስ ደግሞ ማስረጃ እንጂ ፌዝ አይደለም።

«እውነትዎን ነው» አለች። «ሰው ጆሮ ላይ አንሞክርም። ትርፍ መሣሪያ ካለዎት ጠረጴዛ ላይ እንፈትነዋለን።»

ግልበጣው እስከ ቀትር ፈጀ። የለመዱት ገጽ በአዲሱ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል አዛውንቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሳጥኗ ተሰካች። ፕሮግራሙ ግን «አልተገኘችም» አለ።

«አላልኩሽም?»

«ገና አላስረከብናትማ» አለችና፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የሳጥኗን ስም ፈልጋ ምልክት አደረገችበት። ወዲያው ተገኘች። ትርፉን መሣሪያ ከሳጥኗ ጋር አገናኝተው የድምፅ ልኩን ማንበብ ጀመሩ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ።

«ይኸው! ሰው ጆሮ ላይ ቢሆን ኖሮስ?»

ወጣቷ አላፈረችም። ሳጥኗን እየነቀለች እየሰካች ደጋግማ አየች። «ገባኝ፣ ጋሼ። ሳጥኗ ሥራ ስትጀምር ለአፍታ ጠፍታ ትመለሳለች። ስትመለስ ውጭኛው ቀድሞ ይይዛታል። ያስረከብኳት አንዴ ብቻ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን በመጣች ቁጥር በቀጥታ ወደ ውስጥ እንድትገባ ቋሚ ትእዛዝ እሰጣለሁ።»

ሰጠች። ደግመው ሞከሩ፤ አልተቋረጠም። እሷ አምስቴ ይበቃል ስትል እሳቸው ሃያ ጊዜ አስደገሟት። በመጨረሻ መሣሪያውን በራሳቸው ጆሮ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በይ ጨምሪ… ቀንሺ… አዎ። ልክ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ መካኒክ ከሚስቱ ጋር መጣ። የሞተርን ሕመም በጆሮው የሚለይ ሰው ነበር፤ መስማት ካቃተው ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። አዛውንቱ በአዲሱ ኮምፒውተር መሣሪያውን አስተካከሉለት። ሚስቱ ከኋላው ሆና በለሆሳስ፣ «ዛሬስ ሰማኸኝ?» አለችው። ዞር ብሎ አያት።

«ደግመሽ በዪው» አላት።

እንግዶቹ ሲሄዱ አዛውንቱ አሮጌውን ኮምፒውተር በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «እስከ ዛሬ ሥራዬን ሁሉ ያንጠለጠልኩት ባረጀ ቆርቆሮ ላይ ነበር» አሉ። «ይሄኛውስ ቢሞት?»

«ውስጠኛው እኮ አንድ ፋይል ነው፤ ገልብጠው ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭነው፣ ትእዛዙን አስተካክለውና ፈትነው ሥራዎን ይቀጥላሉ። ኢንተርኔት ግን አይስጡት፤ አሮጌ ስለሆነ የቫይረስ በሽታ አይችልም።»

አዛውንቱ ሳጥኗን ከቦታዋ ነቀሉ። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተውንም ሁሉ ዘጉ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳቡና መነጽራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አሉ። «ግን እጅሽን ሰብስቢ፤ የምሠራው እኔ ነኝ።»