ቁጥር ሁለት የሌለው ጌም

ጌም ላይ ዕድሜያቸውን የሚፈጁ ልጆችን አልወድም። ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ግን ሳልፈልግ ሰማኋቸው፤ አንዱ ጌም ቤት ያለው ጎልማሳ፣ ሌላው የበርታ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮም ያንኑ የኳስ ጌም ገዙ?»

«ገዛሁ። ማሊያው ተቀየረ፣ ከስሙ ኋላ ያለው ቁጥር ጨመረ፣ ሌላው ያው ነው። ልጆቹም ሰልችቷቸዋል።»

«እኔ አዲስ ጌም ሠርቻለሁ፤ እርስዎ ቤት ይሞከርልኝ።»

«ምን ይተኮስበታል?»

«አይተኮስበትም፤ የዙምባራ ጌም ነው። ሰርግ ላይ መለከቶቹን በቡድን እንደምንነፋው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል። አንዱ ተራውን ከሳተ ዜማው ይፈርሳል።»

«ማን ያሸንፋል ታዲያ?»

«ወይ ሁሉም ያሸንፋል፣ ወይ ማንም አያሸንፍም።»

«ኧረ ተው! ካልተሸናነፉማ ማን ይመጣል?»

«ሌሎቹ ጌም ቤቶች ሳያዩት መልሰውኛል። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ጎልማሳው ወደ ወጣቱ ዞረ።

«ልጆቹ ከወደዱትስ፣ እንደ ኳሱ ቁጥር ሁለት ትሠራለህ?»

«ወላሂ አልሠራም። ሌላ እሠራለሁ።»

«እንግዲያው ነገ አምጣው።»

ልጄ ትናንት «ያንተን ልብስ ስፌት ትቼ ሌላ ሥራ ልሞክር» ሲለኝ ሳላስጨርሰው እንደመለስኩት ትዝ አለኝና እስከ አሶሳ ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየሁ።