የኪኒን ጾም

(በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ከሐኪሟ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፤ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ደግፌና ባለቤቱ ትርንጎ። ሐኪሟ የደግፌን የደም ግፊት ለክታ ውጭ ጠብቁ ብላቸዋለች።)

ደግፌ፦ ተነሽ እንሂድ ብዬሻለሁ።

ትርንጎ፦ የት? ግፊትህ አልወርድ ስላለ ጠንከር ያለ መድኃኒት ልትጽፍልህ ነው እኮ።

ደግፌ፦ ለዚሁ ነው እንሂድ ያልኩሽ። የሚጠነክረው መድኃኒቱ ብቻ መሰለሽ? ዋጋውም ነው።

ትርንጎ፦ ምን ታደርገዋለህ? የድሮው አልያዘልህም።

ደግፌ፦ ይይዝ ነበር፤ ቢውጡት።

ትርንጎ፦ ምን አልክ?

ደግፌ፦ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ።

ትርንጎ፦ ሰው ሁሉ ይጾማል።

ደግፌ፦ እኔ ኪኒኑንም ጭምር ነው።

ትርንጎ፦ ኪኒን ቅቤ አለው እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?

ደግፌ፦ እኔ ምን አውቄ። መልኩ ነጭ ነው፤ ወተት ቢኖርበትስ?

ትርንጎ፦ አርባ ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ና ስልህ ወገቤን ስትል ኖረህ፣ በስተርጅና መናኝ ሆንክ?

ደግፌ፦ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጡረታዬ የአንድ ሰው ደም እንጂ የሁለት ሰው ደም አያበርድም።

ትርንጎ፦ ሁዳዴንስ?

ደግፌ፦ ሙሉውን ጾምኩት። ሕማማት ላይ ራሴን ሲያዞረኝ ስግደት አብዝቶ ነው ብላችሁ አደነቃችሁኝ።

ትርንጎ፦ በሞትኩት። እኔ ደግሞ ደግፌ ተመለሰ ብዬ ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበር? ያው አንድ ዓይነት ኪኒን ነው የምንውጠው፤ የኔ ብልቃጥ እንደሆነ ዑራኤል ባርኮት ብወስድ ብወስድ አያልቅም።

ደግፌ፦ አዎ፣ አያልቅም።

ትርንጎ፦ ሁዳዴን ሙሉ አልጎደለም። ተስዬ ነበራ። ፈትሌን ሸጬ ባለ ዘርፉን ጃንጥላ የገዛሁለት በከንቱ መሰለህ? ለሐምሌ ንግሥ አገባለታለሁ።

ደግፌ፦ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ አቤት።

ደግፌ፦ የጾምኳቸው ኪኒኖች የት የገቡ ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ የት ገቡ?

ደግፌ፦ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ብልቃጥሽ ውስጥ ነበር የምጨምርልሽ። ልነግርሽ ስል እልል ብለሽ ጎረቤት ጠራሽ። ከዚያ ወዲያ ከዑራኤል ጋር መካሰስ ፈራሁ።

ትርንጎ፦ በገዛ ብልቃጤ መልአክ ሆንክብኝ?

ደግፌ፦ እንግዲህ ጃንጥላው ለኔ ይገባል ማለት ነው።

ትርንጎ፦ ስለት ለጻድቅ ነው የሚገባው። ጻድቅ ለመባል ደግሞ መጀመሪያ መሞት አለብህ።

ደግፌ፦ እሱንማ ጀምሬዋለሁ።

ትርንጎ፦ ተው፣ አትቀልድብኝ። ብቻዬን ጤነኛ ሆኜ ምን ልሠራ ነበር? ከማን ጋር ልጣላ?

ደግፌ፦ ሁለታችንም ከምንወድቅ አንዳችን ብንቆም አይሻልም?

ትርንጎ፦ አይሻልም። ተነሥ፤ ትገባና በገዛ አፍህ ትነግራታለህ። አዲሱ ይቅር፣ የድሮውን በየቀኑ ትውጣለህ።

ደግፌ፦ በምን ገንዘብ?

ትርንጎ፦ ጃንጥላው ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ለገዛሁበት ሱቅ እመልሰዋለሁ።

ደግፌ፦ የስለት ዕቃ? ዑራኤል ምን ይላል?

ትርንጎ፦ ያልሠራበትን አይወስድም። ደግሞም እሱ ዝናብ አይፈራም።