ሬዲዮ የተከፈተላት ድመት

ድመት ብቻዋን ስትቀር ይከፋታል ያለችኝ ሪያድ የምትሠራው እህቴ ናት። «ማዳሜ ከቤት የምትወጣው ለድመቷ ሬዲዮ ከፍታላት፣ የለበሰችውን ልብስ ትታላት ነው» አለችኝ። እኔም ከላላ ከተማ ለሰርግ ስሄድ ለድመቴ ለውሮ ምግቧን አስቀምጬ፣ ሻርፔን አልጋው ላይ ዘርግቼ፣ ሬዲዮውን ከፍቼ ወጣሁ። የቤቴ በር ደግሞ ሲቆለፍ ከውጭ አያስታውቅም። ለጎረቤቴ ለእትየ ዘይነባ እንኳ አልነገርኳትም፤ ውሮ ጫጩቷን በልታባት ተኮራርፈን ነበራ!

በማግስቱ ወደ ቤቴ መካነ ሰላም ስመለስ ደጄን ሽማግሌ ሞልቶታል። ሰው የሞተ መስሎኝ ክው አልኩ። ጠጋ ስል የሰፈራችን አስታራቂ አባባ ሰይድ የተዘጋውን የቤቴን በር ይለማመጣሉ። «ልጄ፣ በጫጩት ይህን ያህል ይኮረፋል? ከእንግዶችሽ ጋር ስትሳሳቂ እየሰማን፣ ስናንኳኳ ዝም ትያለሽ? ዘይነባም ተጸጽታለች፣ አፉ በያት!» እትየ ዘይነባ ከጎናቸው ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። ይሄኔ ከውስጥ ውሮ «ሚያው!» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። «አባባ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ! ውስጥ ያሉት ድመቷና ሬዲዮው ናቸው!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እትየ ዘይነባ መሬት ላይ ዘጭ ብላ በሳቅ ፈነዳች፤ እኔም ሻንጣዬን ጥዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። አባባ ሰይድ ብቻ ፈገግ እንኳ አላሉም። እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉና፣ «ታዲያ ለእርቁ ምን ቀረ? ጫጩቷን የበላችው እሷ፣ መልስ የሰጠችንም እሷ። አሚን በሉ!» አሉ።