የካቡ ክፍተትና የቶሚማ ዓይን

ጭጋግ የወደቀ ዕለት ሃልሴይ ደሴት አገር አይመስልም፤ ሕልም ይመስላል። ባሕሩ የት እንዳለቀ፣ ሜዳው የት እንደጀመረ አይለይም። ባሕር ዳር የሚግጡት በጎች ድምፅ ብቻ ከነጩ ውስጥ ይመጣል፤ ተመልሶም እዚያው ይሰጥማል።

እንዲህ ባለ ጠዋት ቶሚማ ስዋኒ ካቡ የፈረሰበት ቦታ ቆማ ድንጋይ ታነሣ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ቀኙም ሰው ባየች ቁጥር ፊቱ መሐል ላይ ጥቁር ጠብታ እያንጠለጠለ አስቸግሯታል። ድንጋይ ግን በእጅም ይታያል።

ካቡ ደሴቱን እንደ መቀነት ይዞራል። በጎቹ ከካቡ ውጭ የባሕር አረም እየበሉ ይኖራሉ። ወደ ውስጥ ከገቡ አዝመራ ያጠፋሉ፤ የሜዳውም ሣር ለእነሱ መርዝ ነው፤ ሆዳቸው ከጥንት ጀምሮ የባሕሩን ለምዷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ከካቡ የሚጠግነው ድርሻ ተሰጥቶታል።

ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ጥላ ብቅ አለ።

«ማነሽ አንቺ እንደ ሙት መንፈስ የቆምሽው? ሰው ከሆንሽ ድንጋይ አቀብዪኝ፤ መንፈስ ከሆንሽ መንገድሽን ቀጥዪ!»

«ኢንጋ ነኝ እማማ ቶሚማ፤ የዴቪ ታሎክ ልጅ።»

ኢንጋ በትንሿ አውሮፕላን ከደሴት ደሴት እየዞረች ልጆችን ሙዚቃ የምታስተምር ወጣት ናት። አውሮፕላኗን ጭጋግ ስላስቀረባት ቫዮሊኗን እንዳነገተች በእግሯ ስትንሸራሸር ነበር። ቫዮሊኑን አስቀምጣ ድንጋይ ማቀበል ጀመረች።

«ጭጋጉ ሲገለጥ አውሮፕላኗ ትመጣለች። ባዶ ወንበርም አለ። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ዛሬ ከሰዓት ነው አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ደሴቱ ላይ ያለነው አርባ ሰዎች ነን እማማ። ማን አልነገረሽም ብለው ይጠይቁኝ።»

«እኔ መርከብ እጠብቃለሁ።»

«ሦስት ቀጠሮ መርከብ ሲጠብቁ አለፈ። ሦስቱንም ማዕበል በላው። ሐኪሙስ፣ ቀኙ ዓይን ዛሬ መርፌውን ካላገኘ እንደ ግራው ይሆናል አላሉም?»

«ብለዋል። ዓይኑ የራሴ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን የሰው ነው። አብዛኛውን የቲኬት ዋጋ መንግሥት ይደጉማል። መንግሥት ከየት ያመጣዋል? ከማላውቀው ሰው ኪስ! ሰማንያ አንድ ዓመት የሰው እጅ ሳላይ ኖሬ፣ አሁን በምጽዋት ልብረር? ደግሞ ለመሳፈር ‹ስንት ትመዝኛለሽ?› ይባላል አሉ። ለገበያ የቀረብኩ በግ ነኝ? ክብደቴን የሚያውቅ ባሌ ነበር፤ እሱም ምስጢሩን ይዞ መቃብር ገባ።»

ኢንጋ ከት ብላ ሳቀች። «አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች እንዳታዘነብል ነው። እኔንም ይጠይቁኛል።»

«አንቺማ ነፋስ ነሽ፤ ምን የሚመዘን አለሽ!»

ኩራት ጥሩ ልብስ ነው፤ ብርድ ያስችላል። ሰው ዓይኑ ላይ ሲጠመጥመው ግን ገደል ይከተዋል። ቶሚማን ይህን ብሎ የሚደፍራት ሰው አልነበረም። ኢንጋም በትሕትና ወደ ነገሩ በሌላ በር ገባች።

«እማማ፣ ግብር ከፍለው ያውቃሉ?»

«አንድ ዓመት አላጎደልኩም!»

«በዚያ ግብር በዋና ከተማው በኤድንብራ ድልድይ ይጠገናል። ተሻግረውበታል?»

«እዚያ ምን ልሠራ?»

«ታዲያ የኤድንብራ ሰው ድልድዩን ሲሻገር ‹በቶሚማ ምጽዋት ተሻገርኩ› ብሎ ያፍራል?»

«ባያፍርም ቢያመሰግን ምን ነበረበት!» አለች ቶሚማ። ከዚያ ድንጋዩን አገላብጣ ዳበሰችው። «አታታልዪኝ ልጄ። ድልድዩን ሺህ ሰው ይሻገረዋል። በእኛ አውሮፕላን የሚገባው ስምንት ሰው ነው። ‹ለምን ከተማ አይገቡም?› የሚሉን እውነታቸውን ነው።»

ኢንጋ ሌላ ድንጋይ አቀበለቻት። ቶሚማ ከሃልሴይ ወጥታ አንድ ክረምት እንኳ በሕይወት እንደማትከርም ሁለቱም ያውቃሉ። ጭጋጉ በመሐላቸው ቀስ ብሎ አለፈ።

«ይሄ የካቡ ድርሻ የእርስዎ ነው እማማ?»

«የእኔማ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው። ይሄ የአባትሽ ነው። ወገቡን አሞት ተኝቶ የለ?»

«ታዲያ አባቴ ምጽዋት ተቀበለ ማለት ነው?»

«ምላስሽን ሰብስቢ! ዴቪ ታሎክ ምጽዋት አይቀበልም! ክፍተት ባለቤት የለውም። እዚህ የገባ በግ የአባትሽን ብቻ ለይቶ አይበላም፤ የሁላችንንም ነው። ባየው ሰው ይደፈናል፤ ይኸው ነው። ውለታ የለ፣ ምስጋና የለ…»

ድንጋዩን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች።

ኢንጋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ ከአገሩ ካብ ጫፍ ላይ ያለን ድንጋዮች ነን» አለች። «አውሮፕላኗ ከቀረች እኔ ማስተማሬን እተዋለሁ፤ በእሷ የምትመጣልን ነርስም ትቀራለች። ሐኪምና ትምህርት የሌለበት ቦታ ወልዶ የሚኖር የለምና ልጅ ያለው ቤት ይለቃል። ቤቱ ሲዘጋ የካቡን ድርሻ ማን ይይዛል? ‹ስምንት ሰው ነው› ብለው እኛን ከተዉ፣ ነገ ደግሞ ሌላውን ደሴት፣ ከዚያም ተራራ ላይ ያለውን መንደር ይተዋሉ። ዛሬ የሰው እጅ የሚሉት፣ እርስዎ አሁን ለአባቴ የዘረጉት እጅ ነው።»

ቶሚማ የመጨረሻውን ድንጋይ ከቦታው አስገብታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ነጩም ከላይ መሳሳት ጀመረ፤ ከወደ ደቡብ የሞተር ድምፅ እንደ ንብ ተሰማ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ቫዮሊንሽን አንሺ!» አለች። «ሰው ቀጠሮ አለበት።»

አውሮፕላኗ ጋ ሲደርሱ አብራሪው አፉን ሳይከፍት ቀደመችው። «ሰባ ሁለት ኪሎ! ከነጫማዬ! ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።»

ከዚያ ምድር ራቀች። ጭጋጉ ከታች እንደተባዘተ የበግ ፀጉር ተኝቷል፤ በመሐሉ ሃልሴይ ብቻዋን አረንጓዴ ሆና ትንሳፈፋለች። ቶሚማ በምድር ላይ በድንጋይ በድንጋይ የምታውቀውን ካብ ፈለገችው። በቀረችው ዓይኗ ጥቁሩን ጠብታ እየዞረች አየችው፤ ደሴቱን የከበበ አንድ ቀለበት ነው።

«የእኔ ድርሻ የቱ ጋ ነው?»

«ከዚህ አይለይም እማማ።»

ከሰዓት በኋላ ከተማው ሐኪም ቤት ደርሳ መርፌውን ተወጋች።

መርፌው በየወሩ ቀጠለ፤ ጥቁሩ ጠብታም ባለበት ቆመ። ከዚያም እየሳሳ ሄደ። በበጋው የድጎማውን ነገር የሚያጠና አንድ ሰው ከምክር ቤቱ ተልኮ መጣ። በስብሰባው ላይ «ለአርባ ሰው ይህን ያህል ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ቶሚማ ተነሥታ ክንዱን ይዛ ወደ ካቡ ወሰደችው፤ ሕዝቡም ተከተለ። ከካቡ ማዶ በጎቹ አረማቸውን ያመነዥካሉ።

«በል ጌታዬ፣ የተማርክ ሰው ነህ» አለችው። «ከነዚህ ድንጋዮች የማያስፈልገውን አንዱን ምዘዝልኝ።»

ሰውየው ካቡን አየ፤ በጎቹን አየ፤ እጁንም ወደ ኪሱ መለሰ። ፊቱ ከጆሮው ጀምሮ ቀስ እያለ ሲቀላ፣ ቶሚማ በቀኝ ዓይኗ አጥርታ አየችው።