የድልድዩ ብድር

ሽማግሌው አናጢ ያን ዕለት ከቤት የወጡት መንግሥትን ሊቆጡ ነበር። በራዲዮ ስለ በጀት ጉድለት የሰሙት ወሬ ሲብላላባቸው ሰንብቷል። ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውይይት አለ ሲባል የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ የሚናገሩትን በሆዳቸው እየደገሙ መንገድ ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከማንም ሳይበደሩ፣ ቃላቸውንም ሳያጥፉ ስለ ኖሩ የሰፈሩ ሰው እሳቸው ያሉትን ይሰማል።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ድልድዩ ከተሰነጠቀ ወዲህ በላዩ የሚያልፈው እግረኛ ብቻ ነው፤ ጭነት መኪና በሩቅ መንገድ ዞሮ ይገባል። ከሚኒባስ ከሚወርደው ተሳፋሪ መካከል አንዲት ወጣት «አጎቴ!» ብላ ተጣራች። የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች። ለካ እሷም ወደዚያው ስብሰባ ኖሯል የምትሄደው። ስመዋት ሳይጨርሱ ጥያቄያቸውን አስቀደሙ።

«ደህና ጊዜ መጣሽልኝ። ከገቢው በላይ የሚያወጣ አባወራ ምን ይባላል?»

«አባካኝ ይባላላ።»

«መንግሥትስ?»

ፈገግ አለች። «እሱን ምን ላይ እንዳወጣው ሳላይ አልፈርድም።»

«አየሽ! ትምህርት ሰውን የሚያጣምመው እዚህ ላይ ነው» አሉና ክንዷን ይዘው አብረው መሻገር ጀመሩ።

ልጅቱ ከጎናቸው ቀስ እያለች ስትራመድ ቆይታ፣ «ሥራስ እንዴት ነው፣ አጎቴ?» አለቻቸው።

«ተይኝ እስቲ። ሠራተኞቼን አሰናበትኩ። ጣውላው ዞሮ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም፤ የሚያዝም ሰው ጠፋ። ልብስ ሰፊው እንኳ የመቁረጫ ጠረጴዛ አዞኝ ነበር፤ ይቅርብኝ ብሎ ላከብኝ።»

«ምን ሆኖ?»

«ምን አውቄ! ቆጥቦ ይሆናል። እሰየው ነው፤ እኔም ቆጥቤያለሁ። ላሰፋ ያሰብኩትን ሙሉ ልብስ ትቼዋለሁ።»

ልጅቱ ቆም አለች። «ማን ዘንድ ሊያሰፉ ነበር?»

«እሱው ዘንድ ነዋ!» አሉና አናጢው ወደ አዳራሹ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ልብስ ሰፊው ፊት ወንበር ይዞ ስለ ነበር፣ ሳይቀመጡ አፋጠጡት።

«አንተ፣ ጠረጴዛዬን ለምን ሰረዝክ?»

«ደንበኛ የለም እኮ ጋሼ። ሰው ሁሉ ልብስ ማሰፋት አቆመ። ማንን ልውቀስ? እርስዎም አንዱ ነዎት!»

ሁለቱ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰውን በክርክር ከማሸነፍ ይልቅ የገዛ ኑሮውን ማሳየት እንደሚበልጥ ልጅቱ ገብቷት ኖሮ፣ በመካከላቸው አልገባችም። ሽማግሌው ራሳቸው ወደ እሷ ዞሩ።

«እንግዲህ እኔ ለራሴ ደግ ሠራሁ ብዬ እሱን ጎዳሁ፤ እሱም መልሶ እኔን። ቁጠባ ክፉ ነው ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ አጎቴ። ቤተሰብ ይቆጥብ። ክፉ የሚሆነው ሁላችንም ባንድ ጊዜ እጃችንን ስንሰበስብ ነው። እርስዎ ያላወጡት ለእሱ ገቢ ሳይሆን ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንግሥትም እጁን ከሰበሰበ ገበያው ይሞታል፤ ገበያው ሲሞት ግብሩ ያንሳል፤ ጉድለቱም እንደገና ይሰፋል።»

«እሺ፣ ተበደረ እንበል። ዕዳውን ማን ይከፍላል? የልጅ ልጆቻችን አይደሉም?»

«እነሱም ይከፍላሉ። ድልድዩን የሚሻገሩትም እነሱ ናቸው። ብድሩ ለድግስና ለሹም መኪና ከዋለ ግን የሚቀራቸው ዕዳው ብቻ ነው። መጠኑ ካለፈም ወለዱ የትምህርት ቤቱንና የሐኪም ቤቱን ድርሻ ይበላዋል። እርስዎ የሚፈሩት እውነት አለው።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጠጋ አሉ። ሞኝ ናቸው ብላ የምታልፋቸው መስሏቸው ነበር። «መቼ ነው ታዲያ የሚከፈለው?»

«ገበያ ሲሞቅ። ያኔ ግብሩ ይጨምራል፤ ወጪን ገታ አድርጎ ዕዳን መቀነስ ነው። ብዙ መንግሥት የሚሳሳተው ሲቸግረውም ሲደላውም ስለሚበደር ነው።»

በዚህ መሀል የማዘጋጃ ቤቱ ሹም የሹም መኪና መግዣ ጭምር ያለበትን በጀት አንብበው ጨረሱ። ድልድዩን በብድር ለመሥራት መታሰቡን ሲናገሩ ከኋላ «አንበደርም!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ሰውም እንደ ልማዱ ወደ አናጢው ዞረ።

ሽማግሌው ተነሡ። ያሰቡትን ትተው ያላሰቡትን ሊናገሩ ነው።

«እኔ ዛሬ የመጣሁት አትበደሩ ልላችሁ ነበር» አሉ። «አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ አላፍርበትም። ድልድዩ እስካልተሠራ እንጨቴ አይረክስም፤ ሥራ የፈታው ወጣትም እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ተበደሩና ሥሩት። ነገር ግን ገንዘቡ ለድልድዩ ብቻ ይዋል። ስንት እንደ ወጣ በየወሩ እዚህ በር ላይ ይለጠፍልን። ቅድም የጠሯትን የሹም መኪና ደግሞ ከዝርዝሩ አውጧት፤ እሷ ወንዝ አታሻግረንም።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ሹሙ ፊታቸው ቢቀላም እስክሪብቶ አንሥተው መኪናዋን ሰረዟት፤ ድልድዩም በብዙ እጅ ጸደቀ።

ሥራው ሲጀመር ሲሚንቶ አቡኪው፣ ብረት አሳሪው፣ ድንጋይ ጠራቢው ደመወዝ አገኘ። ደመወዝ ያገኘው ጫማ ገዛ፣ ሱሪ አሰፋ፣ ቤቱን አደሰ። ድልድዩ ተመርቆ ጭነት መኪና በቀጥታ መግባት ሲጀምር የጣውላ ዋጋ ወረደ፤ አናጢውም ሠራተኞቻቸውን አንድ በአንድ መልሰው ጠሩ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰበስበው ግብር ከቀድሞው በለጠ።

ገበያው በደራ በዓመቱ ሹሙ አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ። ጊዜው ስለ ሰመረ እንደገና ተበድረው ትልቅ ቢሮ ሊሠሩ ነው፤ በሮቹም ሁሉ ከጥሩ እንጨት እንዲሆኑ ታስቧል። አዳራሹ ሊያጨበጭብ ሲል ሽማግሌው አናጢ እጃቸውን አወጡ።

«ያን ጊዜ ተበደሩ ያልኩት ሁላችንም ሥራ ፈተን ስለ ነበር ነው። ዛሬ ሠራተኛ ፈልጌ አላገኝም። አሁን የመክፈያ ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ የድልድዩን ዕዳ አቅልሉ። ቢሮው ይቆየን።»

ልብስ ሰፊው እጃቸውን ጎትቶ አስቀመጣቸው። «ምን ነካዎት ጋሼ?» ሲል በጆሯቸው አንሾካሾከ። «የበሮቹን ሥራ ከእርስዎ ሌላ ለማን ሊሰጡት ኖሯል?»

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው ኮታቸውን እያስተካከሉ። «ለዚህ እኮ ነው ከሌላው ቀድሜ የተነሣሁት፤ ትንሽ ብቆይ አፌ እሺ አይለኝም ነበር።»